ቁስሉ ከዳነ ምኑ ነው የሚያመኝ?

ጥያቄ፦ «የ39 ዓመት ሴት ነኝ። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የጨርቅ ጣቃ ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ። ሁለት ሳምንት ተኝቼ ተሻለኝ። ከዚያ ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ ሰፋም። አሁን ጀርባዬና ዳሌዬም ይለበልበኛል። መቀነት ስታጠቅ እንኳ ያመኛል። ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ዲስክሽ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ግን ይህን ያህል የሚያሳምም አይደለም አሉኝ። አንዱ ሐኪም ነርቭ ነው አለኝ። ባለቤቴ ጭንቀት ነው ይለኛል። ቁስሉ ከዳነ ምኑ ነው የሚያመኝ? የምር ነው ወይስ እኔ ነኝ የማጋንነው? ስፌቱንስ ልተወው?»

መልስ፦ እህቴ፣ «አንቺ» እያልኩ ስጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። ከሁሉ በፊት የጠየቅሽውን ልመልስ። የምር እያመመሽ ነው። አላጋነንሽም።

ሳላይሽ፣ ወገብሽን በእጄ ሳልነካ ይህ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም። የጻፍሽው ግን እዚሁ ሐዋሳ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ ከምሰማው ጋር አንድ ነው። በጉዳት የጀመረ ሕመም ጉዳቱ ከዳነ በኋላም ይቀራል። ከዚያ ይሰፋል። ከዚያ ቀድሞ የማያመው ነገር ማመም ይጀምራል፤ መቀነት፣ አንሶላ፣ የልጅ እጅ። ይህን ስሰማ ሐሳቤ ከዲስኩ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ካለው ትራስ) ይልቅ ሕመሙን ወደሚያስተላልፈው መሥመር ይሄዳል። መሥመሩ ራሱ ተለውጦ ይሆናል።

«ነርቭ ነው» ያለሽ ሐኪምም ይህንኑ ማለቱ ይመስለኛል። ችግሩ ቃሉ ነው። በእኛ አነጋገር «ነርቭ» ሁለት ነገር ነው። አንዱ በሰውነታችን ውስጥ የተዘረጋው ክር ነው። ሌላው ንዴትና ጭንቀት ነው፤ «ነርቬን ነካው» እንል የለ? ሐኪሙ የመጀመሪያውን ተናግሮ ባለቤትሽ ሁለተኛውን ሰምቶ ይሆናል። በዚህ አንድ ቃል የተነሳ ስንት ባልና ሚስት ሲቀያየሙ አይቻለሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት መጡ። ፎቷቸውን አየሁና «እማማ፣ ምንም የለብዎትም» አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። አለቀሱ። «ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ማን ነው የሚያሰቃየኝ?» አሉኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። አሁን ለአንቺ የምጽፈው ያኔ ለእሳቸው ልነግራቸው ይገባኝ የነበረውን ነው።

ሕመም በደህናው ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ስንቴ መርፌ ወግቶሻል! መጀመሪያ ሹል ነገር ይሰማሽና እጅሽን ትነጥቂያለሽ። ከአፍታ በኋላ ሁለተኛው፣ የሚጠዘጥዘው ይመጣል። ሁለቱ በተለያየ ክር ነው የሚጓዙት። የመጀመሪያው ስስ ሽፋን ባለው ክር ላይ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሮጣል። ሁለተኛው ሽፋን በሌለው ክር ላይ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ያዘግማል። ሁለቱም ህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ) ይገባሉ፤ እዚያ ይጣራሉ፤ ከዚያ ወደ አንጎል ይወጣሉ።

ታዲያ ክሮቹ የሚያመጡት ወሬ ነው። «እዚህ ቦታ የሆነ ነገር አለ» ይላሉ። «ያማል» የሚለው ፍርድ የሚሰጠው ላይኛው ቤት ነው። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች አንዱ ጣቱን በቢላ ሲቆርጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ወሬውን አላቋረጠም። ዓሣውን ጨረሰ። እጁን ሲለቃለቅ ውሃው ቀላ። «ውይ!» ብሎ ጣቱን ጨበጠ፤ ማመም የጀመረው ያኔ ነው። ቁስሉ ከደቂቃዎች በፊት የነበረ ነው። ቁስል ኖሮ ሕመም የማይኖርበት ጊዜ ካለ፣ ቁስል ሳይኖር ሕመም የሚኖርበት ጊዜም አለ። እግራቸው ተቆርጦ የሌለው እግራቸው የሚያማቸውን ሰዎች አስቢ።

መርፌው ሲወጋሽ ጣትሽን ታሺዋለሽ፤ ይቀልልሻል። ለምን እንደሚቀል በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀረቡ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ህብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ያለ ነገር አለ አሉ። የንክኪ ወሬ በወፋፍራሞቹ ክሮች ሲገባ በሩ ለሕመም ወሬ ይጠብባል። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ ዋናው ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። ይህን በር አትርሺው፤ ስለ መቀነትሽ ስናወራ እንመለስበታለን።

ጣቃውን ባነሳሽ ቀን ጡንቻ ወይም ጅማት ተጎድቶ ይሆናል። በተጎዳ ቦታ ያሉ የነርቭ ጫፎች ለጊዜው ይነቃሉ። ይህ ደህና ነገር ነው፤ ቦታውን እንድትጠነቀቂለት ነው። ወሬው ለሳምንታት ሲጎርፍ ግን ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት ተቀባይ ሴሎችም መለወጥ ይጀምራሉ። እነዚህ ሴሎች ላይ በማግኔዚየም የተደፈነ ቀዳዳ አለ። እንደ ጋን ውታፍ ቁጠሪው። ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ ኬሚካል አንዴ ሁለቴ ቢመጣ ውታፉ አይነቃነቅም። ሳያቋርጥ ሲመላለስ ግን ይነቀላል። ካልሲየም ይገባል። ሴሉ ይነቃቃል፤ ተጨማሪ መቀበያም ያወጣል። ከዚያ በኋላ ትንሿ ወሬ ትልቅ ሆና ወደ ላይ ትወጣለች። በዙሪያው ያሉት ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሴሎችም እሳቱን የሚያራግብ ኬሚካል ይጨምሩበታል።

ክሊፎርድ ዉልፍ የተባለ ተመራማሪ ይህን በ1983 በአይጦች ላይ አሳይቷል። እግራቸው ከተጎዳ በኋላ ህብለ ሰረሰራቸው ለቀላል ንክኪ ከባድ ምላሽ መስጠት ጀመረ። የተጎዳውን ቦታ በማደንዘዣ ዝም አሰኘው። ንቃቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ወሬ አቀባዩ ዝም ብሎ ተቀባዩ ብቻውን ቀጠለ ማለት ነው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ያንቺ ህብለ ሰረሰር ከሁለት ዓመት በፊት እባብ አይቷል። መቀነትሽ ልጡ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። የንክኪ ወፋፍራም ክሮች ድሮ ሕመሙን ያበርዱልሽ ነበር። ተቀባዩ ሴል ከመጠን በላይ ሲነቃ ግን የእነሱም ወሬ በሕመሙ መሥመር ያልፋል። ሲያሹሽ ደስ ይልሽ የነበረው ጀርባ አሁን ጨርቅ ሲነካው የሚለበልበው ለዚህ ነው። የሰፋውም ለዚሁ ነው። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ወገብና ዳሌ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ሲጮህ ሌላው ይነቃል። ሕመሙ ስለሰፋ ብቻ ዲስክሽ እየተበላሸ ሄዷል ማለት አይደለም።

አንጎልም የራሱ ድርሻ አለው። ወደ ታች፣ ወደ ህብለ ሰረሰር የሚልከው ማብረጃ መሥመር አለ። ኖራድሬናሊንና ሴሮቶኒን በተባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችና ሰውነታችን ራሱ በሚያዘጋጃቸው ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች ይሠራል። እንቅልፍ ሲጠፋና ፍርሃት ሲከርም ይህ መሥመር ይደክማል። ጭንቀት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ቦታውን ነው የሳተው። ጭንቀት ማብረጃውን ያዳክማል፤ ያ ማለት ግን ሕመምሽ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ደግሞስ ሁለት ዓመት አሞት የማይጨነቅ ማን አለ?

አንድ የባጃጅ ሾፌር ላጫውትሽ። ከሚስቱና ከትንሿ ልጁ ጋር ወገቡን ሊታይ መጣ። እስክሪብቶ መሬት ላይ ጣልኩና እንዲያነሳልኝ ጠየቅሁት። ትንፋሹን ያዘ። አንድ እጁን ጭኑ ላይ ተደግፎ ወረደ፣ ግማሽ ላይ ቆመ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ የትንሿ ልጁ ጫማ ወለቀ። ጎንበስ አለና አደረገላት፤ ማሰሪያውንም አሰረ። ቀና ሲል ሦስታችንም ዝም አልን። ሚስቱ «ያስመስላል ማለት ነው?» አለች። ፊቱ ተለወጠ። እኔም ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። እስክሪብቶውን ሲያነሳ ወገቡን እየጠበቀ ነበር። የልጁን ጫማ ሲያስር ልጁን እያየ ነበር። ጡንቻው ያው ነው፣ ዲስኩ ያው ነው፤ ከላይ የወረደው ትእዛዝ ነው የተለየው። ይህን ሰው ፈልጎ አያደርገውም። የልብ ምትን ፈልጎ እንደማያፋጥነው ማለት ነው።

ስለ ኤምአርአዩም አንድ ነገር ልበልሽ፤ ወረቀቱን እያነበብሽ ሌሊት እንደምትገላበጪ እገምታለሁ። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን ምንም የማያማቸውን 3,110 ሰዎች ምስል ሰብስቦ አየ። በ20 ዓመታቸው ካሉት 30 በመቶው ዲስካቸው ወጣ ያለ ነበር። በ40 ዓመታቸው ካሉት 50 በመቶው። በ80 ዓመታቸው 84 በመቶው። አስተውዪ፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው። አንቺ 39 ነሽ። ወረቀትሽ ላይ የተጻፈው ነገር ከጎንሽ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠችው ደህና ሴት ላይም ሊገኝ ይችላል።

ሕመምሽን ለሐኪም ስትነግሪ «ያመኛል» ብቻ ብለሽ አታቁሚ። አማርኛችን በዚህ የበለጸገ ነው፤ ግሱን ይዘሽ ሂጂ። «ይቆረጥመኛል»፣ «ይጠዘጥዘኛል» የሚለኝ ሰው ወደ መገጣጠሚያና ጡንቻ ያሳስበኛል። «ያቃጥለኛል»፣ «እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል»፣ «ይደነዝዘኛል» ሲለኝ ክሩ ራሱ ተጎድቶ እንደሆነ እፈትሻለሁ። የስኳር ሕመምተኛ እግር፣ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት የዳነ ጎን እንዲህ ነው የሚናገረው። አንቺ «ይለበልበኛል» ብለሻል። ስለዚህ ስኳርሽን ተለኪ፤ የእግርሽን ጉልበትና ስሜትም ይፈትሹልሽ። ክሩ ሳይጎዳ አሠራሩ ብቻ የተለወጠበት ሕመም የራሱ ስም አለው። የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2017 «ኖሲፕላስቲክ» የሚለውን ቃል ተቀብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች መመደቢያም ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ራሱ በሽታ ሊሆን እንደሚችል መዝግቧል። ፎቶ ላይ የማይታይ ሕመም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አንብቢኝ። ትኩሳት ካለሽ፣ ሌሊት የሚያልብሽ ከሆነ፣ ሳታስቢው ከከሳሽ፣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና ተመርመሪ። አገራችን ላይ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ያልተፈላ ወተት የምትጠጪ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው። ካንሰር ታክመሽ የምታውቂ ከሆነም አትደብቂ። እግርሽ እየዛለ ከሄደ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተሽ፣ ብልትሽ አካባቢ ከደነዘዘሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቢ። እኔ ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ እነዚህ የሌሉብሽ እንደሆነ ነው።

ስለ መድኃኒት። ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ መርፌ ከፋርማሲ እየተወጉ ወራት የሚቆጥሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ዲክሎፌናክ የሚሠራው በዋናነት የተቆጣው ሥጋ ላይ ነው። ያንቺ ችግር መሥመሩ ላይ ከሆነ የሚሰጥሽ ጥቅም ትንሽ ነው፤ ጨጓራሽንና ኩላሊትሽን ግን ይነካል። ትራማዶል የሚባለው ሞርፊን መሰል ማስታገሻም ሲከርም ይለመዳል፤ ይባስ ብሎ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሕመም መሥመሩን የበለጠ ሊያነቃው ይችላል። ከጀመርሽው ግን በራስሽ በአንዴ አታቋርጪ።

ሐኪም አሚትሪፕቲሊን ወይም ዱሎክሴቲን ቢያዝልሽ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብበሽ «የድብርት መድኃኒት ሰጡኝ፤ እብድ አደረጉኝ» እንዳትዪ። ይህን ብለው መድኃኒቱን የጣሉ ብዙ ናቸው። ያ ያልኩሽ ማብረጃ መሥመር በኖራድሬናሊንና በሴሮቶኒን ነው የሚሠራው አይደል? መድኃኒቶቹ እነዚህን ይደግፋሉ። ለሕመም የሚታዘዘው የአሚትሪፕቲሊን መጠንም ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው፤ ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ይጀመራል። አፍ ያደርቃል፤ ጠዋት ያፈዛል። የልብ ሕመም ካለብሽ ተናገሪ። ከትራማዶል ጋር ሐኪም ሳያውቅ አትቀላቅዪው። ለሁሉም ሰው አይሠራም። ሲሠራም ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ነገር ጊዜ ይገዛልሻል እንጂ ብቻውን አይጨርሰውም።

የሚቀጥለው ነገር እንቅስቃሴ ነው፤ እኔ በጣም የማምንበትም እሱ ነው። የነቃ መሥመር የሚረጋጋው «ይህ አደጋ የለውም» የሚል ወሬ ደጋግሞ ሲደርሰው ነው። በመጥፎ ቀንሽ እንኳ ልትሄጂ የምትችዪውን ደቂቃ ፈልጊ። 6 ደቂቃ ነው እንበል። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሂጂ፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ሦስት ቀን 6 ደቂቃ። ከዚያ ሦስት ቀን 7። ሰዓትሽን ተከተዪ፤ ሕመምሽን አትከተዪ። ትንሽ ቢያምሽና በማግስቱ ወደ ቦታው ከተመለሰ ጉዳት አይደለም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ደህና ቀን ሲመጣ ነው። የሳምንቱን ልብስ ሁሉ አጥበን፣ ቤቱን ገልብጠን፣ ቡና አፍልተን እንውልና ሦስት ቀን እንተኛለን። ህብለ ሰረሰራችን ከዚህ የሚማረው መንቀሳቀስ ያስቀጣል የሚለውን ነው። ደህና ቀን ላይ 7ቱን 20 አታድርጊው። መጥፎ ቀን ላይም ዜሮ አታድርጊው።

ለመቀነቱ ሌላ ነገር አለኝ፤ እቃውም እጅሽ ላይ ነው። ከስፌት የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስቢ። ከሳቲኑ ጀምሪ። ማታ ማታ ለ2 ደቂቃ የሚለበልብሽን ቦታ ቀስ አድርገሽ እያየሽ፣ በመስታወትም ቢሆን፣ ዳብሺበት። ሲለመድ ወደ ጥጡ ሂጂ። ከዚያ ወደ ሱፉ። ከዚያ ወደ ፎጣው። መቀነቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ አትቸኩዪ። ወጌሻ ጋ ሄደሽ እንደሆነም በኃይል ማሸቱን ለጊዜው ተዪው፤ የነቃ መሥመር ላይ ጉልበት መጨመር ነው።

እንቅልፍሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከቀትር በኋላ ቡና ተዪ። ሕመሙ ቢያነቃሽ ሰዓት አትቁጠሪ።

«ይህ ሁሉ ይመለሳል ወይ?» ብለሽ ሳትጠይቂኝ አልቀርም። የዳሌ መገጣጠሚያቸው ተበልቶ ለዓመታት ሲታመሙ የኖሩ ሰዎች አንጎል ላይ የታየው ለውጥ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሕመሙ ሲጠፋ ወደ ቦታው ሲመለስ ታይቷል። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ 151 ሥር የሰደደ የጀርባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራ ነበር። አንደኛው ቡድን ሕመሙ ከአንጎልና ከነርቭ መሥመር ንቃት የመጣ መሆኑን ተረድቶ፣ ያለ ፍርሃት መንቀሳቀስን ለ4 ሳምንት ተለማመደ። ከነዚህ 66 በመቶው ሕመሙ ጠፋላቸው ወይም ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። የተለመደ ሕክምናቸውን ከቀጠሉት ውስጥ ይህ የሆነላቸው 10 በመቶው ናቸው። ሰዎቹ ሕመማቸው ቀላልና መካከለኛ ነበር፤ ኑሯቸውም እንደኛ አልነበረም። ስለዚህ ቃል አልገባልሽም። እዚህ የማያቸው ታካሚዎቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻላቸው በወራት ነው፤ እየወጣ እየወረደ ነው የሚሄደውም። ግን ይሻላቸዋል። አንዳንዶቹ ትንሽ ብቻ፣ አንዳንዶቹ በደንብ።

ባለቤትሽን አንድ ቀን ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ። ያ የባጃጅ ሾፌር ሚስቱ ቁጭ ብላ ስለሰማች ነው የተሻለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቤት ውስጥ «እስቲ ቻይው» ከሚልሽ ይልቅ «ዛሬ ስንት ደቂቃ ሄድሽ?» ቢልሽ ይሻላል።

ስፌቱን አትተዪው። ከሥራ መራቅ ሕመሙን ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል፤ ገቢውም ሰው ማግኘቱም አብሮ ይቀራል። በየ25 ደቂቃው ከስፌት መኪናው ተነስተሽ በር ድረስ ሄደሽ ተመለሺ። እግርሽ ፔዳሉ ላይ ደልደል ብሎ እንዲያርፍ የወንበሩን ቁመት አስተካክዪ። ጣቃውን ለጊዜው ሰው ያውርድልሽ፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ የሚያስፈልግሽን ቁረጪ። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ግን ራስሽ እንድታነሺው ነው የማቅደው። መጀመሪያ ሩብ ጣቃ። ከዚያ ግማሽ። ጎንበስ ብለሽ፣ ትንፋሽሽን ሳትይዢ። እስከዚያው የሄድሽበትን ደቂቃ ደብተር ላይ እየጻፍሽ፣ ስድስት ሳምንት ሲሞላሽ ስንት እንደደረሰ ንገሪኝ።